የታወቁ ተውኔቶችን ለመጫወት የማን ፈቃድ ያስፈልጋል?

በዚህ እትም የአንባቢያን ጥያቄ አምድ፣ ከቴአትር ክበባት፣ ከአንድ መምህርና ከሀገር ውጭ ከሚኖሩ የመድረክ ወዳጆች የደረሱንን ጥያቄዎች አንድ ላይ አቅርበናል። ደብዳቤዎቹ ሁሉ የሚያነሡት የቆዩና የታወቁ ተውኔቶችን ያለ ክፍያና ያለ ፈቃድ የመጫወትን ጉዳይ ነው። ጥያቄዎቹን አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ በደሴ ከተማ የአንድ ወጣቶች የቴአትር ክበብ አስተባባሪ ነኝ። አባሎቻችን ከአሥር አይበልጡም፤ ለደራሲ የምንከፍለው ገንዘብም የለንም። ፈቃድ ሳንጠይቅ ልንጫወታቸው የምንችላቸው ተውኔቶች አሉን? ካሉስ በምን እናውቃቸዋለን?

መልስ፦ አሉ፤ ብዙም ናቸው። መነሻው በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት አንድን ተውኔት የማባዛት፣ የመተርጎምና በመድረክ ለሕዝብ የማሳየት መብት ደራሲው በሕይወት እስካለ ድረስ የራሱ ሲሆን፣ ከሞተ በኋላ ደግሞ ለ50 ዓመት የወራሾቹ ነው። ይህ ዘመን ሲያልፍ ተውኔቱ የሕዝብ ሀብት ይሆናል፤ ማንኛውም ቡድን ማንንም ሳይጠይቅ፣ ትኬት ሸጦም ቢሆን፣ ሊጫወተው ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያ የሚፈለገው ደራሲው የሞተበት ዓመት እንጂ ተውኔቱ የተጻፈበት ወይም ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበት ዓመት አይደለም። ብዙ ክበባት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ «ይህ ተውኔት የአባቶቻችን ዘመን ሥራ ነውና የማንም አይደለም» ይላሉ፤ ደራሲው ግን ረጅም ዕድሜ ኖሮ ከሆነ ጥበቃው ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል።

ከሀገራችን ጸሐፍያነ ተውኔት እንጀምር። የመጀመሪያውን ብሔራዊ መዝሙር ግጥም የጻፉት ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ያረፉት በ1939 ዓ.ም. ስለሆነ 50 ዓመቱ በ1989 ዓ.ም. ሞልቷል። «አፋጀሽኝ»ን የመሰለ ሥራ ዛሬ በየከተማው አለመታየቱ፣ በእኔ አስተያየት፣ የሕግ እንቅፋት ኖሮበት ሳይሆን ጽሑፉን ፈልጎ የሚያነብ ስለጠፋ ነው። ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው በ1955 ዓ.ም. አርፈዋልና የአቡነ ጴጥሮስን ሰማዕትነት የሚያሳየው «የደም ድምፅ»ም፣ በ1948 ዓ.ም. የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ሲመረቅ መድረክ ላይ የዋለው «ዳዊትና ኦርዮን»ም ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ ነፃ ሆነዋል ማለት ነው። የመጀመሪያው ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት የሚባለው፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ከታየ በኋላ የታገደው የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎች ኮሜዲያ ግን ምንም እንኳ ከሁሉም ቢቀድም፣ ደራሲው እስከ 1969 ዓ.ም. በሕይወት ስለነበሩ ጥበቃው የሚዘልቀው እስከ 2019 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ያለ ሥጋት ልትጫወቱት ትችላላችሁ። ገጸ ባሕርያቱ እንስሳት በመሆናቸው ለአልባሳትና ለጭምብል ሥራ ለሚጓጓ ወጣት ቡድን ከዚህ የሚሻል ሥራ ማግኘት ይከብዳል።

በሌላ በኩል ክበባት አዘውትረው የሚመርጧቸው ሦስት ታላላቅ ደራስያን ገና አልተፈቱም። መንግሥቱ ለማ ያረፉት በ1980 ዓ.ም. ስለሆነ «ጠልፎ በኪሴ»ና «ያላቻ ጋብቻ» እስከ 2030 ዓ.ም. ድረስ የወራሾች ናቸው። የከበደ ሚካኤል ሥራዎች እስከ 2041 ዓ.ም.፣ የጸጋዬ ገብረ መድኅን ሥራዎች ደግሞ እስከ 2048 ዓ.ም. ይቆያሉ። አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፦ ደራሲው ከሞተ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመ ሥራ 50 ዓመቱ የሚቆጠርለት ከታተመበት ጊዜ ጀምሮ ነው። ስለዚህ ከእጅ ጽሑፍ ተገልብጦ በቅርብ ዓመታት የወጣ የቆየ ተውኔት ስታገኙ የደራሲውን ዕረፍት ብቻ ቆጥራችሁ አትነሡ፤ የመጽሐፉን የኅትመት ገጽ አንብቡ። የቆዩትን ኅትመቶች ለማግኘት ወመዘክርን ወይም ስድስት ኪሎ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት መጠየቅ ይጠቅማል።

ከውጭው ዓለም ሥራዎች ውስጥ ደግሞ ምርጫው ሰፊ ነው። ሶፎክልስን የመሳሰሉት የጥንት ግሪኮች፣ እ.ኤ.አ. በ1616 ያረፈው ሼክስፒር፣ በ1673 ያረፈው ሞልዬር፣ በ1852 ያረፈው ጎጎል፣ በ1904 ያረፈው ቼኾቭ፣ በ1906 ያረፈው ኢብሰን በየትኛውም ሀገር ሕግ ቢሆን ነፃ ናቸው። ለአነስተኛ ቡድን ግን ታላቅ ስም ስላለው ብቻ ሼክስፒርን እንድትመርጡ አልመክርም። የቼኾቭን ባለ አንድ ገቢር ቀልዶች አንብቡ። «ድቡ» በተባለው ውስጥ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከቤት አልወጣም ብላ ሐዘን ከተቀመጠች ሴት ዘንድ አንድ ዕዳ ጠያቂ ይመጣል፤ ተሰዳድበው፣ ሽጉጥ ለመተኳኰስ ተፈላልገው፣ በመጨረሻ ይፋቀራሉ። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልጉት ሦስት ዋና ተዋንያንና አንድ ሳሎን ብቻ ናቸው። «የጋብቻ ጥያቄ»ም እንዲሁ ሦስት ሰው ብቻ አለው፤ ልጅቱን ሊጠይቅ የመጣው ጎረቤት ጉዳዩን ሳይናገር በመካከላቸው ባለ የግጦሽ መሬት ወሰን ጠብ ይነሣል። የወሰን ክርክር ምን እንደሆነ ለወሎ ተመልካች ማስረዳት አያስፈልግም። በቁም ነገሩ በኩል የስትሪንድበርግ «ወይዘሪት ዩሊ» በሦስት ተዋንያን ብቻ በአንድ ወጥ ቤት ውስጥ የሚያልቅ ብርቱ ሥራ ነው፤ ደራሲው ያረፈው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው። አንድ መንገደኛ ከላይ የተላከ ተቆጣጣሪ መስሏቸው የአንዲት ትንሽ ከተማ ሹማምንት ሁሉ ጉቦ የሚያቀርቡለት የጎጎል ኮሜዲ ለኛ ተመልካች እጅግ የሚስማማ ቢሆንም፣ ገጸ ባሕርያቱ ብዙ ናቸውና አሥር ሰዎች ብቻ ካላችሁ እያንዳንዱ ሁለትና ሦስት ሰው መሆን ይኖርበታል።

ጥያቄ፦ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የምንኖር የቴአትር ወዳጆች ነን። የጸጋዬን የአማርኛ «ኦቴሎ» ለአንድ ምሽት ልናሳይ አስበናል። ሼክስፒር ከሞተ ከ400 ዓመት በላይ ስለሆነ ፈቃድ አያስፈልግም የሚል አባል አለ፤ ልክ ነው?

መልስ፦ አባላችሁ ግማሹን ትክክል ተናግሯል። የሼክስፒር እንግሊዝኛ የማንም አይደለም። እናንተ ልትጫወቱ ያሰባችሁት ግን የጸጋዬን አማርኛ ነው። ትርጉምም ሆነ ውርስ ትርጉም፣ ማለትም የውጭን ሥራ ከሀገር ጋር አዛምዶ መጻፍ፣ በሕግ ፊት ራሱን የቻለ የፈጠራ ሥራ ስለሆነ የራሱ ዘመን አለው፤ የሚቆጠረውም ከተርጓሚው ዕረፍት ጀምሮ ነው። ጸጋዬ ያረፈው በ1998 ዓ.ም. በመሆኑ በእኛ ሕግ ትርጉሙ የተጠበቀ ነው። ከበደ ሚካኤል ወደ አማርኛ የመለሱት የሮሜዎና የዡልዬት ታሪክም በዚሁ መንገድ ይታያል። የአማርኛ ቴአትር ቤት ታዳሚ የሚያውቀው ሼክስፒር በእነዚህ ሁለት ሰዎች ብዕር ያለፈው ስለሆነ ለእኛ ቡድኖች የሼክስፒር ነፃነት ከሚታሰበው ያነሰ ነው።

አንዳንዴ ድርብርቡ ከዚህም ይበዛል። «እናት ዓለም ጠኑ» ጸጋዬ ከጀርመናዊው ቤርቶልት ብሬኽት ሥራ የወረሰው ነው። ብሬኽት ያረፈው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው፤ በጀርመን ጥበቃው ከሞት በኋላ 70 ዓመት ስለሆነ እስከ 2026 መጨረሻ ይዘልቃል። የጀርመንኛው ተውኔት ነፃ ቢወጣም እንኳ የጸጋዬ አማርኛ እስከ 2048 ዓ.ም. አይፈታም፤ ለብሬኽት ተውኔት ፓውል ደሳው የደረሰው ሙዚቃ ደግሞ፣ አቀናባሪው እስከ 1979 ስለኖረ፣ በጀርመን ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ጥበቃ አለው። አንድ ተውኔት ስታነሡ ደራሲውን ብቻ ሳይሆን በጽሑፉ ላይ እጁን ያሳረፈውን ሁሉ፣ ማለትም ተርጓሚውን፣ አሳጣሪውን፣ ዜማ ደራሲውን እየቈጠራችሁ የእያንዳንዱን የሞት ዓመት መጠየቅ አለባችሁ።

በምትኖሩበት አገር ያለው አቆጣጠር ደግሞ ከእኛ ይለያል። በአሜሪካ ለቆዩ የታተሙ ሥራዎች የሚታየው ደራሲው የሞተበት ሳይሆን ሥራው የታተመበት ዓመት ነው፤ ጥበቃውም 95 ዓመት ነው። በየዓመቱ ጃንዋሪ 1 ቀን የአንድ ዓመት ሥራዎች በአንድነት ይፈታሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2026 መግቢያ የተፈቱት በ1930 የታተሙት ናቸው። በዚህ ስሌት የአርተር ሚለር የ1949 ተውኔት የሆነው የነጋዴው ወኪል ሞት እስከ 2044 መጨረሻ ድረስ የተያዘ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች፣ በብሪታንያና በእስራኤል ደግሞ በጥቅሉ የደራሲው ሕይወትና ከዚያ በኋላ 70 ዓመት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የታተመ አማርኛ ሥራ በአሜሪካ ፍርድ ቤት እንዴት እንደሚታይ አገሮች በሚዋዋሏቸው ስምምነቶች የሚወሰን ስለሆነ ለእሱ በዚያው የሚሠራ ጠበቃ አማክሩ። ትርኢታችሁ ተቀርፆ በዩቲዩብ መውጣቱና አዲስ አበባ መታየቱ ስለማይቀር ግን፣ የወራሾችን ፈቃድ መጠየቅ ከሁሉ የሚቀል መንገድ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ «ያላቻ ጋብቻ»ን ቢጫወቱ ወራሾች ሊከለክሉን ይችላሉ? የመግቢያ ክፍያ የለም።

መልስ፦ በቤተሰብ መሰብሰቢያ ወይም በትምህርት ቤት ውስጥ ያለ ክፍያ የሚደረግን የግል ትርኢት ባለመብቱ ሊከለክል እንደማይችል አዋጁ ይደነግጋል። ስለዚህ በግቢያችሁ ውስጥ ለተማሪዎችና ለመምህራን ማሳየት ትችላላችሁ። ክፍያ አለመኖሩ ብቻውን ግን አይበቃም። ያንኑ ትርኢት በከተማው አዳራሽ ለሕዝብ ብታቀርቡ፣ ገቢው ለበጎ አድራጎት እንኳ ቢሆን፣ «የግል» መሆኑ ይቀርና ፈቃድ ያስፈልጋችኋል። «ትርፍ የለንም» የሚለው መልስ በብዙ ክበባት ዘንድ እንደ ሙሉ መከላከያ ይቆጠራል፤ አይደለም።

ጥያቄ፦ ከአዳማ። የኢብሰንን «የአሻንጉሊት ቤት» ከእንግሊዝኛ ራሳችን ተርጉመን ልንጫወት ነው። የምንተረጉምበትን መጽሐፍ ከመጻሕፍት መደብር ገዝተናል። ችግር አለው?

መልስ፦ መጽሐፉን መግዛታችሁ የንባብ መብት እንጂ የመተርጎምም ሆነ የማሳየት መብት አይሰጥም። የኢብሰን ኖርዌጅኛ ነፃ ነው፤ በእጃችሁ ያለው እንግሊዝኛ ግን የማን ነው? በሽፋኑ ውስጥ የተርጓሚውን ስም ፈልጉ። እ.ኤ.አ. በ1924 ያረፈው የዊልያም አርቸር ትርጉም ከሆነ ምንም የሚያግዳችሁ የለም። በ2000 ያረፈው የማይክል ሜየር ከሆነ ግን የእናንተ አማርኛ ከእርሱ እንግሊዝኛ የተወለደ ይሆናልና ባለመብቱን መጠየቅ ይገባችኋል። ለቼኾቭም እንዲሁ እ.ኤ.አ. በ1946 ካረፈችው ከኮንስታንስ ጋርኔት ትርጉሞች መነሣት ትችላላችሁ። ቋንቋቸው ዛሬ ለሚያነብ ትንሽ ያረጀ ቢመስልም፣ ወደ አማርኛ ሲመለሱ ያ እርጅና አብሮ መምጣት የለበትም። እነዚህን የመሳሰሉ የቆዩ ትርጉሞች በፕሮጀክት ጉተንበርግ ድረ ገጽ ያለ ክፍያ ይገኛሉ፤ ነፃነታቸው የሚለካው በአሜሪካ ሕግ ስለሆነ ግን የተርጓሚውን የሞት ዓመት ራሳችሁ አጣሩ።

ይህን ስትጨርሱ አንድ ነገር አትርሱ፦ የእናንተ አማርኛ ትርጉም የእናንተው ንብረት ይሆናል። ከአንድ በላይ ሰው ከተረጐመው ማን ምን እንደሠራና ሌላ ቡድን ሲጠይቅ ማን እንደሚፈቅድ ከልምምዱ በፊት በጽሑፍ ተስማሙ።

ጥያቄ፦ ነፃ የሆነን ተውኔት መጨረሻውን ብንቀይረው፣ ታሪኩንም ወደ ኢትዮጵያ ብናመጣው ይፈቀድልናል?

መልስ፦ ይፈቀዳል። መቁረጥ፣ ማሳጠር፣ ስሞቹን መቀየር፣ ጎንደር ወይም ጅማ ማድረግ ትችላላችሁ። ሞልዬርን እንዲህ አድርጎ ማላመድ በእኛ መድረክ የቆየ ልማድ ነው። የደራሲውን ስም መጥቀስና ለውጡ የእናንተ መሆኑን በፖስተሩ ላይ ማመልከት ግን ይገባል።

ከላይ የአዳማው ጠያቂ ያነሡት ተውኔት በዚህ ረገድ አስገራሚ ታሪክ አለው። ኢብሰን እ.ኤ.አ. በ1879 ሲጽፈው ኖራ የተባለችው ሚስት በመጨረሻ ባሏንና ልጆቿን ትታ በሩን ዘግታ ትወጣለች። በጀርመን ኖራን ልትጫወት የነበረችው ተዋናይት ሄድቪግ ኒማን ራበ «እኔ ልጆቼን ትቼ አልሄድም» ብላ እንቢ አለች። በዚያን ጊዜ የኢብሰን ሥራ በጀርመን የሕግ ጥበቃ ስላልነበረው ማንም ተርጓሚ እንደ ፈለገ ሊለውጠው ይችል ነበር። ደራሲውም ሌሎች ከሚያበላሹት ብሎ፣ ኖራ ከልጆቿ መኝታ ቤት ደጃፍ ወድቃ የምትቀርበትን ሌላ ፍጻሜ በራሱ እጅ ጻፈ፤ በኋላም በተውኔቱ ላይ የተፈጸመ አረመኔያዊ ጥቃት ብሎ ጠራው። ዛሬ ሁለቱም ፍጻሜዎች ነፃ ናቸው። ምርጫው የአዘጋጁ ቢሆንም ኖራ በወጣችበት ብትጨርሱት እኔ ደስ ይለኛል።

ስትለውጡ ደግሞ ከነፃው ተውኔት ወደ ተጠበቀው እንዳትሻገሩ ተጠንቀቁ። እ.ኤ.አ. በ1950 ያረፈው የበርናርድ ሾው «ፒግማልዮን» በእኛም በአውሮፓም ነፃ ነው፤ ከእርሱ የተሠራው የ1956 ሙዚቃዊ ተውኔት ግን አይደለም። አበባ ሻጯንና መምህሯን ከሾው ገጾች መውሰድ ትችላላችሁ፤ ዘፈኖቹን፣ ወይም ለሙዚቃዊው ተውኔት ብቻ የተጻፉ ትዕይንቶችን መውሰድ ግን አትችሉም። ፊልም አይቶ ተውኔት የሚያዘጋጅ ቡድን በዚህ ወጥመድ በቀላሉ ይገባል።

ጥያቄ፦ ለንደን ውስጥ ለኢትዮጵያውያን ልጆች «ፒተር ፓን»ን በአማርኛ ልናቀርብ ነው። ደራሲው የሞተው በ1937 ነው፤ 70 ዓመቱ አልፏል አይደል?

መልስ፦ አልፏል፤ ግን ይህ አንድ ሥራ ለብቻው ይታያል። ጄምስ ባሪ መብቱን እ.ኤ.አ. በ1929 በለንደን ለሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ሰጥቶ ነበር፤ የብሪታንያ የ1988 የቅጂ መብት ሕግም ተውኔቱ በዚያ አገር ለሕዝብ ሲታይ ሆስፒታሉ ያለ ጊዜ ገደብ ክፍያ እንዲያገኝ ደንግጓል። ለሆስፒታሉ ጻፉ። ያንኑ ዝግጅት አዲስ አበባ ብታመጡት ይህ ግዴታ አይከተላችሁም።

ጥያቄ፦ የመረጥነው ተውኔት ገና የተጠበቀ መሆኑን ተረድተናል፤ ልንተወው ግን አልፈለግንም። ፈቃድ ከማን፣ እንዴት ይጠየቃል?

መልስ፦ ከአሳታሚው ጀምሩ፤ ወራሾቹን የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ እርሱ ነው። ካልሆነ ተውኔቱ ቀድሞ የታየበት ቴአትር ቤትና የኢትዮጵያ ደራስያን ማኅበር ሊጠቁሟችሁ ይችላሉ። ሥራው በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን አለመመዝገቡ ጥበቃ የለውም ማለት እንዳልሆነ እወቁ፤ መብቱ የሚገኘው በመጻፉ እንጂ በመመዝገቡ አይደለም። ወራሾቹ ብዙ ከሆኑ አንዱ ብቻ በቃል «ተጫወቱት» ማለቱ በኋላ ክርክር ያመጣልና ሌሎቹን ወክሎ የመፈረም ሥልጣን እንዳለው ጠይቁ። በደብዳቤያችሁ ላይ የቡድኑን ስም፣ ትርኢቱ የሚታይበትን ቦታና ቀን፣ ስንት ጊዜ እንደሚታይ፣ የመግቢያ ዋጋውን፣ ጽሑፉ ላይ የምታደርጉትን ለውጥ፣ እንዲሁም ተቀርፆ በኢንተርኔት የሚለቀቅ መሆን አለመሆኑን በግልጽ አስፍሩ። ለአነስተኛ ክበብ በነፃ ወይም ለስም ያህል ክፍያ የሚፈቅዱ ቤተሰቦች አይጠፉም፤ መልሱ እስኪመጣ ድረስ ግን ፖስተር አታሳትሙ።